ለቼዝ ትንተና ኮምፒውተር ሲመረጥ ገንዘቡ የት ይዋል?

በዚህ ወር ለጥያቄና መልስ ዓምዳችን ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ይኸውም የቼዝ ጨዋታን በኮምፒውተር ለመተንተን ምን ዓይነት ዕቃ ቢገዛ ይሻላል የሚል ነው። የጠያቂዎቹ አገርም አቅምም የተለያየ በመሆኑ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ ስለዚህ ደብዳቤዎቹን አሳጥረን እያንዳንዱን ለየብቻ መልሰናል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ አሥራ ሁለት ታዳጊዎችን ቼዝ አሠለጥናለሁ። ወላጆቻቸው ተባብረው ለቡድኑ አንድ ኮምፒውተር መግዣ አዋጥተዋል። ሻጩ ሁለት ዕቃ አሳየን፤ አንደኛው ጠንካራ ግራፊክስ ካርድና ባለ አራት ኮር (አራት የስሌት ክፍሎች ያሉት) ፕሮሰሰር ያለው የጌም ላፕቶፕ ነው፤ ሁለተኛው የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ባለ ስምንት ኮር የሆነ ዴስክቶፕ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሻጩ ግን «የዛሬ ቼዝ ሶፍትዌር በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስለሚሠራ ያለ ግራፊክስ ካርድ አይሆንም» ይለናል። እውነት ነውን?
— አሠልጣኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ዴስክቶፑን ይግዙ። ገንዘቡ ወላጆች ያዋጡት ስለሆነ ምክንያቱን ለእነሱም ማስረዳት እንዲችሉ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ዛሬ ለትንተና በብዛት የሚሠራባቸው ነፃ የቼዝ ኤንጂኖች፣ ማለትም አቀማመጥን መርምረው የተሻለውን እርምጃ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች፣ ሁለት ናቸው፤ አሠራራቸውም ፈጽሞ ይለያያል። የመጀመሪያው ስቶክፊሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሲሆን የሚሠራው በፕሮሰሰር ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 2020 ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ የሰሌዳውን አቀማመጥ ለመመዘን ኒውራል ኔትወርክ (ከብዙ ምሳሌ የሚማር የስሌት ሥርዓት) ይጠቀማል፤ ሻጩን ያሳሳታቸውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ኒውራል ኔትወርክ የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ ወዲያው ግራፊክስ ካርድን ያስባልና። ይህ ኔትወርክ ግን ሲፈጠርም ለፕሮሰሰር ታስቦ ነው። ሐሳቡን በ2018 ያፈለቁት ጃፓናዊው ዩ ናሱ ናቸው፤ መጀመሪያ ያዋሉትም ሾጊ ለሚባለው የጃፓን ቼዝ ነበር። ብልሃቱ ቀላልና የሚያስደንቅ ነው፤ አንድ ጠጠር ሲንቀሳቀስ በሰሌዳው ላይ ያሉት ሌሎቹ ባሉበት ስለሚቆዩ ኤንጂኑ ስሌቱን እንደገና ከዜሮ አይጀምርም፤ ጠጠሩ የለቀቀውን ቦታ ይቀንሳል፣ ያረፈበትን ይደምራል፣ የቀረውን ከቀድሞው ስሌት እንዳለ ይወስዳል። እንዲህ ጥቂት በጥቂት የሚታደስ ሥራ ለፕሮሰሰር ይስማማዋል፤ ግራፊክስ ካርድ ግን ኃይሉ የሚታየው ብዙ ስሌት ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሲቀርብለት ነው። ስለዚህ ስቶክፊሽ እየሠራ ሳለ ያ ውድ ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ሊላ ቼዝ ዜሮ ነው። የጉግል እህት ኩባንያ የሆነው ዲፕማይንድ በ2017 መጨረሻ አልፋዜሮ የተባለውን ራሱን ያስተማረ የቼዝ ፕሮግራም ካስተዋወቀ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ያንኑ መንገድ ተከትለው በ2018 የጀመሩት ኤንጂን ነው። የሊላ ኔትወርክ እጅግ ትልቅ በመሆኑ አንዷን አቀማመጥ ለመመዘን ብቻ ብዙ ማባዛትና መደመር ይጠይቃል፤ ስለዚህም ያለ ግራፊክስ ካርድ ያዘግማል። የሁለቱን መንገዶች ልዩነት በቁጥር ለማየት፣ አልፋዜሮ በ2017 ከስቶክፊሽ ጋር ሲገጥም በሰከንድ 80 ሺህ ገደማ አቀማመጦችን ሲመረምር ስቶክፊሽ 70 ሚሊዮን ይመረምር ነበር። አንደኛው ጥቂት ቦታ አይቶ በጥልቀት ይመዝናል፤ ሌላው እጅግ ብዙ ቦታ አይቶ በፍጥነት ይመዝናል። ሻጩ የተናገሩት ለሊላ እውነት ነው፤ ለስቶክፊሽ ግን አይደለም።

ለታዳጊዎችዎ የሚያስፈልገው ስቶክፊሽ ነው። የልጆች ጨዋታ ሲተነተን የሚፈለገው የጠፋ ፈረስ፣ ያመለጠ ማት፣ ሳይታይ የቀረ የተቃራኒ ዛቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ስቶክፊሽ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያሳያል። ሊላ የምትወደደው የመክፈቻ ጨዋታን በረጅሙ በሚያዘጋጁ ጠንካራ ተጫዋቾች ዘንድ ነው። ምናልባት ከዓመታት በኋላ ከልጆቹ አንዱ እዚያ ቢደርስ፣ የዴስክቶፑ ፓወር ሰፕላይ በቂ ዋት እስካለውና በማዘርቦርዱ ላይ ክፍት ቦታ እስካለ ድረስ ካርድ ገዝቶ መጨመር ይቻላል። ላፕቶፕ ላይ ግን ተጨማሪ ኮር ገዝተው ሊሰኩበት አይችሉም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ስቶክፊሽ እንደወረደ የሚሠራው በአንድ ትሬድ (በአንድ ጊዜ በሚሄድ አንድ የሥራ መስመር) እና በ16 ሜጋባይት ሃሽ (የመረመረውን በሚያስቀምጥበት ማኅደር) ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አሠልጣኝ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ አዲሱን ባለ ስምንት ኮር ኮምፒውተሩን አሳየኝ፤ «ከድሮው ምንም አልተሻለም» ብሎ አዝኖ ነበር። በስክሪኑ ግርጌ በሰከንድ የሚመረመሩት አቀማመጦች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ነበር። ቅንብሩን ከፍተን ትሬዱን ሰባት፣ ሃሹን 4096 ሜጋባይት አደረግነው፤ ቁጥሩ ወዲያው ከአምስት ሚሊዮን በላይ ወጣ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድምፁ ያልተሰማው ማራገቢያም መዞር ጀመረ። ስድስት ወር ሙሉ ሰባቱ ኮሮች ተኝተው ነበር ማለት ነው። ስምንተኛውን ኮር ለዊንዶውስና ለሌላው ፕሮግራም መተው ይጠቅማል፤ አለበለዚያ ማውሱ ራሱ ይንቀራፈፋል።

ኮር በእጥፍ ሲጨምር የኤንጂኑ ፍጥነት በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ጥንካሬው ግን በእጥፍ አይጨምርም። ኮሮቹ ሥራውን ሲካፈሉ አንዱ የመረመረውን ሌላውም የሚደግምበት ጊዜ አለ፤ የትንተናው ዛፍም ወደ ጥልቀት በሄደ ቁጥር እየሰፋ ስለሚሄድ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ እርምጃ የሚከፈለው ዋጋ ይንራል። ስለዚህ ከአራት ወደ ስምንት ኮር መሸጋገር ገንዘቡ ይገባዋል፤ ለአንድ የታዳጊዎች ቡድን ከስምንት ወደ አሥራ ስድስት መሄድ ግን አይገባውም። የተረፈውን ገንዘብ ሰሌዳና ሰዓት ቢገዙበት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። «አይ7 ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ብለውኛል። ሌላ ልመለከተው የሚገባኝ ነገር አለ?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ዓይንህን ግለጥ እንጂ አትጨፍን። አይ7 የሚለው ተለጣፊ ብቻውን የሚነግርህ ጥቂት ነው። ኮር አይ7 7500ዩ የተባለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው፤ ከእሱ አንድ ዓመት ቆይቶ የወጣው የዴስክቶፑ አይ5 8400 ግን ስድስት ኮር አለው። ለስቶክፊሽ አይ5ቱ አይ7ቱን ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ሙሉ ቁጥር ጠይቅ። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀርን ከፍተህ የፐርፎርማንስ ገጹን ብታይ የኮሩ ብዛት ተጽፎ ታገኘዋለህ።

ቀጥሎ የፕሮሰሰሩን ዘመን ተመልከት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣው አራተኛ ትውልድ ጀምሮ ዋና ዋና ፕሮሰሰሮቹ ኤቪኤክስ2 የሚባሉ ትእዛዞችን ይረዳሉ፤ የስቶክፊሽ ኔትወርክ በእነዚህ ትእዛዞች ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ምት ያሰላል። የሦስተኛው ትውልድ አይ7 3770 አራት ኮር ቢኖረውም እነዚህን ስለማያውቅ በዕድሜ ትንሽ ከሚያንሰው አይ7 4770 ጋር እኩል አይሄድም። ስቶክፊሽን ስታወርድም ለፕሮሰሰርህ የተዘጋጀውን ፋይል ምረጥ፤ ለድሮ ማሽን የተዘጋጀው በአዲስ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ግን በከንቱ ያዘግማል። ለአዲስ ማሽን የተዘጋጀው በድሮው ላይ ጭራሽ አይከፈትም። የኤኤምዲ ራይዘን 3600 ከሆነ ቢኤምአይ2 የሚለውን ትተህ ኤቪኤክስ2 የሚለውን ውሰድ፤ በዚያ ትውልድ አንዷ የቢኤምአይ2 ትእዛዝ ቀርፋፋ ነበረች፤ ከ5000ዎቹ አብዛኞቹ ላይ ግን ተስተካክላለች።

አሁን ዋናው ነገር ሙቀት ነው። ቼዝ ትንተናን ያህል ላፕቶፕን የሚያስጨንቅ ሥራ ጥቂት ነው፤ ፊልም ሲታይ ወይም ጽሑፍ ሲጻፍ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ያርፋል፣ ኤንጂን ሲሠራ ግን ሁሉም ኮር ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ይነዳል። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ባለ አራት ኮር ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ስቶክፊሽን ለአንድ ደቂቃ አስነሥቼ በሰከንድ አራት ሚሊዮን ገደማ አቀማመጥ ሲያሳየኝ ተደስቼ ከፈልሁ። ቤት ገብቼ ሥራ ሳስጀምረው ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ቁጥሩ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በታች ወረደ፤ የቀኝ እጄ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታም አላስነካ አለ። ጥገና ቤት ወስጄ ከሥሩ ያለው ክዳን ሲነሣ፣ አየር የሚወጣበት ቀጫጭን የብረት ክንፍ በአቧራ ተደፍኖ እንደ ጥጥ ሆኖ ነበር፤ ሙቀት አስተላላፊው ቅባትም ደርቆ ተፈርፍሯል። ተጠርጎ ቅባቱ ሲቀየር ቁጥሩ ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ተመልሶ በዚያው ጸና። የእኔ ጥፋት አንድ ደቂቃ ብቻ መሞከሬ ነው። ስለዚህ ስቶክፊሽን በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ ቻርጀሩ እንደተሰካ በሁሉም ኮር አሥር ደቂቃ አስሮጠው፤ የመጀመሪያውን ደቂቃና የመጨረሻውን ደቂቃ ቁጥር በወረቀት ጻፍ። ሻጩ አሥር ደቂቃ አልጠብቅም ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ጥያቄ፦ ራም 32 ጊጋባይት ካልሆነ ትንተናው ጥልቀት የለውም ይባላል። ያለኝ 8 ነው።
— ከአዳማ

መልስ፦ 8 ጊጋባይት ይበቃዎታል። ኤንጂኑ ራምን የሚፈልገው ሃሽ ለሚባለው ማኅደር ነው፤ አንድ ጊዜ የመረመረውን አቀማመጥ እዚያ አስቀምጦ በሌላ መንገድ ሲደርስበት እንደገና ከመድከም ይድናል። በስቶክፊሽ አንድ መዝገብ የሚይዘው 10 ባይት ስለሆነ አንድ ጊጋባይት ሃሽ 100 ሚሊዮን ገደማ መዝገብ ያስቀምጣል። ለጥቂት ደቂቃ ትንተና 1 ወይም 2 ጊጋባይት መድበው ቀሪውን ለዊንዶውስ ይተዉ። ራሙን ሁሉ ለኤንጂኑ ከሰጡት ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ከፍጥነቱ የሚተርፍ ነገር የለም። ትልቅ ሃሽ የሚያስፈልገው አንድን አቀማመጥ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያስተነትን ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዚዮን ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ ዎርክስቴሽን ልልክለት አስቤያለሁ። ፕሮሰሰሮቹ ኢ5-2690 ቪ2 ናቸው፤ በድምሩ ሃያ ኮር ማለት ነው፤ ዋጋውም እጅግ ርካሽ ነው። ምን ይመክሩኛል?
— እኅት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ለወንድምዎ ያለዎት አሳቢነት የሚያስመሰግን ነው፤ ይህን ማሽን ግን አይላኩለት። ቪ2 የሚለው ምልክት ፕሮሰሰሩ ከላይ የጠቀስነውን ኤቪኤክስ2 የማያውቅ ትውልድ መሆኑን ይናገራል፤ ቀጣዩ ቪ3 ያውቃል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር እስከ 130 ዋት ኃይል የሚወስድ ነው፤ ሁለቱ ብቻ 260 ዋት ይሆናሉ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ተጠባባቂ ባትሪ ይህን ጭነት የሚሸከመው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ማሽኑ ሲዘጋ ደግሞ በሃሹ የተጠራቀመው የሰዓታት ሥራ አብሮ ይጠፋል። ሁለት ፕሮሰሰር ባለበት ማሽን አንዱ በሌላው በኩል ያለውን ራም ለማግኘት ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ሃያ ኮር የሃያ ኮር ያህል ሳይሠራ ይቀራል፤ ይህን ችግር ስቶክፊሽ በ2024 በወጣው 17ኛ እትሙ በጥሩ ሁኔታ አቃሎታል፣ ነገር ግን አላጠፋውም።

በምትኩ ባለ ስምንት ኮሩ ራይዘን 7 5700ኤክስ ያለበትን ተራ ዴስክቶፕ ቢመለከቱ ኃይል ይቆጥባል፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ሲበላሽም አዲስ አበባ ላይ መለዋወጫ ማግኘት ይቀልላል። የሚልኩት ዕቃ የትኛውም ይሁን፣ ፓወር ሰፕላዩን ከኋላ ይመልከቱት። አንዳንዱ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው፤ አሜሪካ ውስጥ በ115 ላይ እንደተቀመጠ ቢላክና አዲስ አበባ በ220 ቮልት ቢሰካ በዚያችው ቅጽበት ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ያለው ግን ራሱ ያስተካክላል። ወንድምዎ ኮምፒውተሩን ሳይሰካ በፊት ይህን እንዲያይ በስልክ ይንገሩት።

ሌላም መንገድ አለ፤ ለእኔ እንዲያውም ይህኛው ይሻላል። የሚገዙትን ማሽን እርስዎ ቤት ያስቀምጡትና ወንድምዎ በኢንተርኔት ይጠቀምበት። ኤንጂንና ሰሌዳውን የሚያሳየው ፕሮግራም የሚነጋገሩት ዩሲአይ በሚባል ተራ የጽሑፍ ቋንቋ ነው፤ ከወንድምዎ የሚሄደው የአቀማመጡ አጭር መስመር ነው፣ ከሜሪላንድ የሚመለሰውም የእርምጃዎች ዝርዝር ነው። ዳታው ከአንድ የቪዲዮ ጥሪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ከባዱ ስሌት የሚከናወነው እርስዎ ዘንድ ነውና ወንድምዎ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ኤስኤስኤች በሚባለው የሩቅ ኮምፒውተርን ማዘዣ መንገድ ማገናኘት ትንሽ እውቀት ይጠይቃል፤ ኮምፒውተር የተማረ ወዳጅ ካለዎት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርስልዎታል።

ጥያቄ፦ ቴብልቤዝ የሚባለውን መጫን እፈልጋለሁ። ያለኝ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነው፤ ኢንተርኔቴም ቀርፋፋ ነው።
— ከደሴ

መልስ፦ ቴብልቤዝ በሰሌዳው ላይ ጥቂት ጠጠር ሲቀር እያንዳንዱ አቀማመጥ አሸናፊ፣ ተሸናፊ ወይም አቻ መሆኑን አስቀድሞ አስልቶ ያስቀመጠ መዝገብ ነው። ዛሬ የሚሠራበት ሲዚጂ የሚባለው ሲሆን ያዘጋጁት ሮናልድ ደ ማን ናቸው። መጠኑ በጠጠር ቁጥር ይወሰናል፤ ነገሥታቱም ይቆጠራሉ። እስከ አምስት ጠጠር ያለው 1 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ስድስት ጠጠር ያለው 150 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ሰባት ጠጠር ያለው 17 ሺህ ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ የቤት ዕቃ አይደለም።

እርስዎ አምስት ጠጠሩን ያውርዱ። ትንሽ ቢመስልም በትምህርት ረገድ ሀብታም ነው፤ አንድ ንጉሥ ከሩክና ከፓውን ጋር በአንድ በኩል፣ ንጉሥና ሩክ በሌላ በኩል ሲቆሙ ጠጠሮቹ በትክክል አምስት ናቸው። ሩክ ከስድስተኛው መስመር ሆኖ የሚከላከልበት የፊሊዶር አቀማመጥም፣ ድልድይ ሠርተው የሚያሸንፉበት የሉሴና አቀማመጥም እዚህ ውስጥ ነው። ንጉሡን አንድ ካሬ ወደ ጎን እየገፉ መዝገቡ ከአሸናፊ ወደ አቻ የሚቀየርባትን ነጥብ ቢፈልጉ በአንድ ምሽት ብዙ ይማራሉ።

ስድስት ጠጠሩን በሃርድ ዲስክ ላይ እንዲጭኑ አልመክርም። ኤንጂኑ እየፈለገ ሳለ መዝገቡን በተደጋጋሚ ያንኳኳል፤ የሃርድ ዲስክ መርፌ ደግሞ ከቦታ ቦታ በአካል መንቀሳቀስ ስላለባት ኤንጂኑ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ትንተናውም ያለ መዝገቡ ከሚሆነው የባሰ ይዘገያል። ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ሲገዙ ከሚያውቁት ሰው በዲስክ ቢገለብጡ ይሻላል። እስከዚያው ድረስ ሊቼስ በተባለው ነፃ የቼዝ ድረ ገጽ ላይ እስከ ሰባት ጠጠር ያለውን አቀማመጥ በጥቂት ኪሎባይት ዳታ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ዱባይ በሰው ቤት እሠራለሁ፤ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ማታ ማታ ቼዝ እጫወታለሁ። ኮምፒውተር ሳልገዛ ጨዋታዬን መተንተን እችላለሁ?
— ከዱባይ

መልስ፦ በሚገባ ይችላሉ፤ ገንዘብዎን ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር 480 ልዩ የቼዝ ቺፖች ነበሩት፤ በሰከንድም 200 ሚሊዮን አቀማመጥ ይመረምር ነበር። በእጅዎ ባለው ስልክ ላይ የሚሠራው ስቶክፊሽ የሚመረምረው ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም የማይረባውን መንገድ ቶሎ ስለሚተውና አቀማመጥን በተሻለ ስለሚመዝን ከዲፕ ብሉ የበረታ ነው። በአንድሮይድ ድሮይድፊሽ የተባለውን፣ ወይም በማንኛውም ስልክ የሊቼስን መተግበሪያ ያውርዱ፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው።

መጀመሪያ ጨዋታውን ኤንጂኑን ሳይከፍቱ ከራስዎ ጋር ይዩትና የተሳሳቱ የመሰለዎትን እርምጃ ይያዙ። ከዚያ ኤንጂኑን በሁለት ትሬድ ከፍተው ለእያንዳንዱ አጠራጣሪ አቀማመጥ ሃያ ሰከንድ ይስጡት፤ የሚያሳየውን የእርምጃ ምርጫ ብዛትም ከአንድ ወደ ሁለት ያድርጉት፤ ሁለተኛው ምርጫ ከመጀመሪያው በምን ያህል እንደሚያንስ ሲያዩ እርምጃው ግድ የነበረ ወይም ከብዙዎች አንዱ መሆኑ ይገለጥልዎታል። ስልኩ ቻርጅ ላይ እንዳለ አያስተንትኑ፤ ከሽፋኑ ያውጡት፤ ጀርባው ሲግልብዎት ኤንጂኑን ዘግተው ያሳርፉት።